በርሊን ውስጥ በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፦ ለልጃችን የቱ ይሻላል?

ልጃችሁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ከደረሰ በርሊን ያለ ሐበሻ ወላጅ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ እናንተም ቤት ገብቷል። ቀጥሎ የት ይግባ? አንዷ ጓደኛ «ኬኔዲ ሞክሪ፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት» ትላለች። ሌላው «ፈረንሳዩ ጊምናዚዩም ነው እንጂ ትምህርት ቤት» ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ ቡና እየቀዳች «ምን አስጨነቀሽ፣ ሰፈርሽ ያለው ይበቃል» ትላለች። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ልጅ ነው።

እዚህ የማነጻጽረው በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። የትምህርት ክፍያ የላቸውም። በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ የሚጠይቁ የግል ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ከተማው ውስጥ አሉ፣ እነሱን ለጊዜው ተዉአቸው። መንግሥት በነፃ የሚሰጠው ከነሱ አያንስም። ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው፤ ሁሉም መርጠው ነው የሚያስገቡት።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቋንቋውን ምረጡ፣ ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቋንቋውን ስትመርጡ ደግሞ ልጃችሁ በዚያ ቋንቋ የሚያወራው ሰው አለው ወይ የሚለውን እዩ፤ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ዘመድ ጋ ይሁን፣ ቀድሞ በኖረበት አገር ይሁን። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች ስለሆንን «የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት» ሲባል ልባችን ይሸነፋል። ይገባኛል። ግን ጀርመን አገር ተራ ጊምናዚዩም የጨረሰ ልጅም እንግሊዝኛ ችሎ ነው የሚወጣው። እንግሊዝኛ ለማወቅ ብቻ ብሎ በጠባቡ በር መጋፋት አያስፈልግም።

በሩ እንዴት ነው የሚሠራው

በርሊን ውስጥ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ከ7ኛ ጀምሮ ሁለት መንገድ አለ፤ ጊምናዚዩም እና ሴኩንዳርሹለ። ጊምናዚዩም 12ኛ ክፍል ላይ አቢቱር የሚባለውን ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ የማጠናቀቂያ ፈተና ያስፈትናል። የራሱ የላይኛ ክፍሎች ያሉት ሴኩንዳርሹለ ደግሞ 13ኛ ላይ። ፈተናው ያው አቢቱር ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ልዩነት አያደርግም። ብዙ ወላጅ ሴኩንዳርሹለ ሲባል ልጁን ዝቅ ያደረጉበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጀርመንኛው ገና ያልጠና ልጅ አንድ ዓመት ተጨማሪ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ትምህርቱ በሁለት ቋንቋ ከሆነ።

ወደ ጊምናዚዩም ለመግባት የሚታየው ውጤት ነው። እዚህ አገር 1 ከሁሉ የላቀው፣ 6 ከሁሉ የወረደው ነው፤ አዲስ የመጣችሁ ይሄን ልብ በሉ። የ5ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅና የ6ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤቶች፣ በተለይ ጀርመንኛ፣ ሒሳብና የመጀመሪያው የውጭ ቋንቋ፣ ወሳኝ ናቸው። ውጤቱ ከተቀመጠው ልክ ያልደረሰ ልጅ ጊምናዚዩም ልግባ ካለ ፕሮበኡንተሪሽት የሚባል የአንድ ቀን ሙከራ ይጠራል፤ ጀርመንኛና ሒሳብ ይሠራል። ይሄ አሠራር በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ወደ 2,000 የሚጠጉ ልጆች ተቀምጠው ያለፉት 50 አካባቢ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ካልሆነም በሙከራው ያልፋል» ብላችሁ አትመኩ። ሥራው ያለው 5ኛ ክፍል ላይ ነው።

በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩት ደግሞ ከዚህ በላይ የራሳቸው መስፈርት አላቸው። የቋንቋ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ ያለበትም አለ፣ ለየትኛው ዓይነት ቤተሰብ ቅድሚያ እንደሚሰጥ የተጻፈ ደንብ ያለውም አለ።

ኬኔዲ

የጆን ኤፍ ኬኔዲ ትምህርት ቤት በ1960 የጀርመንና የአሜሪካ የጋራ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተ ነው። ዜለንዶርፍ ነው ያለው፣ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ። በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ መምህራኑም ከሁለቱም አገር ናቸው። ሲጨርሱ የአሜሪካ ሃይስኩል ዲፕሎማ አለ፣ የጀርመን አቢቱርም አለ። ሐሳቡ በጣም ያማረ ነው፤ አሜሪካ ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመንግሥት ትምህርት ቤት በርሊን ውስጥ አያገኝም።

ግን ኬኔዲ በዋናነት የሚያስገባው ከታች ነው፣ ገና በአምስትና በስድስት ዓመታቸው። ከመካከል የሚከፈተው ቦታ ጥቂት ነው፤ እሱም የተማሪው ስብጥር የጀርመንና የአሜሪካ ሆኖ እንዲቆይ ተብሎ ነው የሚሞላው። አንደኛ ደረጃውን በጀርመንኛ ጨርሶ 7ኛ ክፍል ላይ ልግባ ለሚል የሐበሻ ልጅ ዕድሉ የመነመነ ነው። ይሄን የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ብቻ ስትጠብቁ ሌላው እንዳያመልጣችሁ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ መጥታችሁ ልጃችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ከሆነ፣ ወይም አሁን ኪታ (መዋዕለ ሕፃናት) ያለ ታናሽ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ወዲያው ደውሉ።

ማንዴላ

የኔልሰን ማንዴላ ትምህርት ቤት ቪልመርስዶርፍ ነው። መንግሥታዊ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ነው፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ። መጨረሻው ላይ የሚሰጠው አይቢ የሚባለው ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ ነው። ስድስት የትምህርት ዓይነት፣ ከ45 የሚሰጥ ነጥብ፣ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ፣ ከክፍል ውጭ የሚሠራ የፈጠራና የበጎ አገልግሎት ሥራም አለበት። ከባድ ነው፣ ግን ልጅን ጽፎ የሚያስብ ሰው ያደርገዋል።

የተቋቋመው በአንድ ከተማ ተረጋግተው ለማይኖሩ ቤተሰቦች ነው። ዲፕሎማት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ ኩባንያው ከአገር አገር የሚያዘዋውረው። ስለዚህ ቅድሚያ አሰጣጡም ወደዚያ ያደላል። ነገ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አዲስ አበባ ልትመለሱ የምትችሉ ከሆነ፣ ልጃችሁ እዚያ ሄዶ በአይቢ ትምህርት ቤት ካቆመበት ይቀጥላል። ይሄ ሌላው ትምህርት ቤት የማይሰጠው ነው። እዚሁ በርሊን ልትኖሩ ካሰባችሁ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ አይቢ ለጀርመን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሆነው ልጁ የመረጣቸው ትምህርቶች የጀርመን ክልሎች የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ ያስቀመጣቸውን ሁኔታዎች ካሟሉ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ፣ ሳይንሱና የውጭ ቋንቋው በተጠየቀው ደረጃ መሆን አለበት። የትምህርት ምርጫው የሚሞላው 10ኛ ክፍል መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ያኔ «ጀርመን ውስጥ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። 12ኛ ክፍል ላይ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም።

ፈረንሳዩ ጊምናዚዩም

ይሄኛው ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1689 ነው የተመሠረተው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ለተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ልጆች የብራንደንቡርጉ ገዢ ፍሪድሪሽ የከፈተላቸው ትምህርት ቤት ነው። የስደተኛ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ እንዲማሩ ተብሎ የተጀመረው ትምህርት ቤት ከ330 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬ የከተማው ልሂቃን የሚጋፉበት መሆኑ ሁሌም ያስደንቀኛል።

ቲርጋርተን አጠገብ ነው። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ «ሁለት ሰዓት ፈረንሳይኛ ይማራሉ» ማለት ሳይሆን ታሪኩም ሒሳቡም በፈረንሳይኛ ይሰጣል። ለአቢቱርም፣ ባካሎሬያ ለሚባለው የፈረንሳይ የማጠናቀቂያ ፈተናም ያዘጋጃል። ተማሪዎቹ ግማሹ የበርሊን ልጆች ሲሆኑ ሌሎቹ ከፈረንሳይ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከሌላም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገር የመጡ ናቸው። ጥቁር ልጅ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የማይሆንበት ጊምናዚዩም ነው፣ ይሄ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማንን ያዋጣል? አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ከሊሴ ገብረማርያም የመጣን ልጅ። ሊሴው ከ1947 ጀምሮ በፈረንሳይ ሥርዓት ሲያስተምር የኖረ ስለሆነ ከዚያ የመጣ ልጅ እዚህ ሲገባ የሚለወጥበት ከተማውና ጀርመንኛው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጅቡቲ ያደገ ወይም ከፈረንሳይና ከቤልጂየም የተዛወረን። ሦስተኛ፣ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ግን ቋንቋ ቶሎ የሚይዝ፣ በራሱ የሚያነብ፣ ከ5ኛ ክፍል መጀመር የሚችል ጎበዝ ልጅን። 5ኛ ክፍል ላይ የሚያስገቡ ጊምናዚዩሞች በርሊን ውስጥ ጥቂት ናቸው፣ ይሄ አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ ምዝገባው የሚደረገው ልጁ ገና 4ኛ ክፍል እያለ ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ስለ ጊምናዚዩም ማሰብ አልጀመርንም።

ለማን አያዋጣም? ጀርመንኛውም ገና ለሚንገዳገድ ልጅ። አንዲት የማውቃት እናት አለች፣ ነርስ ናት። ልጇ እንዲህ ያለ በውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ጊምናዚዩም ነው የሚማረው። ከማታ ፈረቃ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። በፊታቸው ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚያወራ የታሪክ ጽሑፍ አለ፣ አንድ ገጽ ተኩል፣ በፈረንሳይኛ። ልጁ የማያውቃቸውን ቃላት በቢጫ ቀለም ያሰምራል። ገጹ ቢጫ በቢጫ ነው። እሷ ፈረንሳይኛ አታውቅም፣ ጀርመንኛዋ የሆስፒታል ጀርመንኛ ነው፣ ታሪኩን ግን በደንብ ታውቀዋለች፤ አዲስ አበባ 11ኛ ክፍል ተምራዋለች። ስለዚህ በአማርኛ ትነግረዋለች። ንጉሡ ማን ነበር፣ ገበሬው ለምን ተቆጣ፣ ዳቦ ለምን ተወደደ። ከዚያ ልጁ ወደ ፈረንሳይኛው ይመለስና የቀሩትን ቃላት ራሱ ይፈታቸዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን የሚችል ቤት ካላችሁ ግቡበት። እሷ ስለቻለች ነው ልጁ የቆመው። ግን ሁሉም ቤት ይሄን አይችልም፣ አለመቻልም ነውር አይደለም።

ኦይሮፓ ሹለ፣ እኔ የማደላበት

ከሁሉም በላይ የሐበሻ ወላጅ የማያውቀው ይሄንን ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የበርሊን መንግሥታዊ የአውሮፓ ትምህርት ቤት የሚባለው አንድ ሕንፃ አይደለም። ከ1992 ጀምሮ በከተማው በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈቱ የሁለት ቋንቋ ክፍሎች ናቸው። አንዱ ቋንቋ ሁሌም ጀርመንኛ ነው። ሌላው ከዘጠኝ አንዱ፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ግሪክኛ፣ ፖላንድኛ፣ ሩስኛ ወይም ቱርክኛ። ክፍሉ ሲዋቀር ግማሹ ጀርመንኛ አፉን የፈታ፣ ግማሹ በሌላው ቋንቋ አፉን የፈታ እንዲሆን ይፈለጋል። ትምህርቱም ለሁለት ይከፈላል። ሒሳብ በጀርመንኛ ነው፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ባዮሎጂ ደግሞ በሌላው ቋንቋ። ይሄ አከፋፈል ብልህ ነው። ልጁ ጀርመንኛውን አይለቅም፣ ሌላውም ቋንቋ ሰዋስው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጉበትና ሳንባን፣ ወንዝና ተራራን፣ ጦርነትና ውልን ይማርበታል።

እንግዲህ ወደ እኛ ስመልሰው። ስንቱ ሐበሻ ነው ጀርመን የገባው በጣልያን በኩል? ልጁ ሮም ወይም ሚላኖ ወይም ቦሎኛ ተወልዶ፣ ኪታውን እዚያ ጨርሶ፣ ስምንት ዓመት ሲሞላው በርሊን የመጣ። ያ ልጅ ጣልያንኛው እንደ አፍ መፍቻው ነው። እዚህ መጥቶ ጀርመንኛ ሲገባ ጣልያንኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፣ ወላጆቹም «ምን ያደርግለታል» ብለው ይተዉታል። ኖይኮልን ያለው የአልበርት አይንሽታይን ጊምናዚዩም ግን ልክ ለዚያ ልጅ የጣልያንኛ ክፍል አለው። ጎረቤቶቹ እንደ ጉድለት ያዩት የነበረው ነገር እዚያ በሩን የሚከፍትለት ቁልፍ ይሆናል። በግሪክ በኩል ለመጡትም የግሪክኛው ክፍል እንደዚያው ነው። ደግሞ በደርግ ጊዜ ሕፃን ሆነው ኩባ የተላኩትን አስታውሱ። ስፓኒሹ ዛሬም አፋቸው ላይ ነው፤ ከእነሱ አንዱ አባት ከሆነና ከልጁ ጋር ትንሽም ቢሆን በስፓኒሽ ካወራ ሻርሎተንቡርግ ያለውን ፍሪደንስቡርግ ትምህርት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ሴኩንዳርሹለ ነው፣ ማለትም አቢቱሩ በ13 ዓመት።

እንግሊዝኛውን ለሚፈልግ እዚያው ሻርሎተንቡርግ የሺለር ጊምናዚዩም አለ። ኬኔዲና ማንዴላ ላይ ሙሉ ልባቸውን ጥለው ይሄንን ስሙን እንኳ ያልሰሙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ፈረንሳይኛ የሚፈልግ፣ ግን የፈረንሳዩ ጊምናዚዩም ሩጫ የሚከብደው ልጅ ደግሞ ሾነበርግ የሶፊ ሾል ትምህርት ቤትን ይመልከት።

ባለፈው የክፍት በር ቀን ከእነዚህ አንዱ ጋ ሄጄ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ ደብተሯን አሳየችኝ። የልብ ሥዕል ነው። በቀይና በሰማያዊ ቀለም ቀብታዋለች፣ ቀስቶቹ ጫፍ ላይ የክፍሎቹ ስም በጣልያንኛ ተጽፏል፣ ከሥራቸው በቀጭን እርሳስ የጀርመንኛው ስም አለ። «የጀርመንኛውን አስተማሪው አይጠይቀንም፣ እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ሐኪም ቤት ስሄድ እንዲገባኝ» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ወላጆቻቸው ከሁለት የተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ማንም ማንንም «የት አገር ነህ?» ብሎ አያስቸግርም።

ጉድለቱስ? አንዱ፣ ብዙው ተማሪ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በዚያው የአውሮፓ ትምህርት ቤት መስመር የመጣ ነው። 7ኛ ክፍል ላይ ከውጭ ለሚገባ ልጅ የሚቀረው ቦታ የተወሰነ ነው፣ የቋንቋ ፈተናም ይፈተናል። ሌላው፣ የሳምንቱ ሰዓት ከተራው ትምህርት ቤት ይበዛል። ከዚህ ላይ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲጨመር ልጁ ሊዝል ይችላል። ያም ሆኖ በርሊን ለሚኖር፣ በዚሁ ለሚቀር፣ ከቤቱ ሌላ ቋንቋ ይዞ ለመጣ የሐበሻ ልጅ ከሁሉም የሚስማማው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በተራ ጊምናዚዩም ውስጥ ያለ የሁለት ቋንቋ መስመር

ለብዙ ሰው ይሄ ይበቃል። ልጁ ወደ ተለመደ ጊምናዚዩም ይገባል፣ መጀመሪያ ላይ የቋንቋው ሰዓት ይጨመርለታል፣ ከዚያ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ በዚያ ቋንቋ ይሆናል። ቋንቋውን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይጠበቅበትም። በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩት፣ ለምሳሌ ሾነበርግ ያለው ሩከርት ጊምናዚዩምና ራይኒከንዶርፍ ያለው ሮማን ሮላን፣ አቢባክ የሚባለውን ያስፈትናሉ። አቢባክ በ1994 ጀርመንና ፈረንሳይ የተፈራረሙበት ነው፤ ተማሪው በአንድ ፈተና አቢቱሩንም ባካሎሬያውንም ይዞ ይወጣል። ነገ ፓሪስ ወይም ሊዮን መማር ቢፈልግ እንደ ፈረንሳይ ልጅ ነው የሚያመለክተው። ጫናው ከፈረንሳዩ ጊምናዚዩም በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ በወረቀት ደረጃ የሚገኘው ጥቅም ይቀራረባል። ካልሆነለትም ልጁ ከሁለት ቋንቋው መስመር ወጥቶ እዚያው ትምህርት ቤት መቀጠል ይችላል። ጓደኞቹን አይለቅም። ይሄ ነገር ወላጅ ሲመርጥ የማያየው፣ ልጅ ግን በጣም የሚያስበው ነው።

«ሐኪም ይሆናል» ለምትሉ

ብዙዎቻችን እንላለን። ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራ። ጀርመን ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቦታ የሚታደለው እንዲህ ነው፦ 30 በመቶው በአቢቱር ውጤት ብቻ ለቀደሙት፣ 60 በመቶው ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚያወጡት መስፈርት (እዚያም የአቢቱር ውጤት ዋና ነው፣ የሕክምና መግቢያ ፈተናውም ብዙ ያግዛል)፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ከአቢቱር ውጤት ውጭ ባለ ተሰጥኦና ልምድ። ማለትም የአቢቱር አማካይ ውጤት በነጥብ ቤት ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲው ልጁ ባዮሎጂን በጣልያንኛ ወይም ታሪክን በፈረንሳይኛ በመማሩ ተጨማሪ ነጥብ አይሰጠውም። ተራ ጊምናዚዩም ውስጥ 1.2 ማምጣት የሚችል ልጅ በሦስተኛ ቋንቋው እየተማረ 1.9 ካመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ስመ ጥር መሆኑ ለሕክምና አይረዳውም። አይቢና ባካሎሬያ የያዙትም ውጤታቸው ወደ ጀርመን አማካይ ተቀይሮ ነው የሚወዳደረው።

በሌላ በኩል ግቡ የሕግ፣ የዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ የንግድ፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ከሆነ፣ ወይም ልጁ ገና ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ፣ ሁለት ቋንቋ በጥልቀት መያዙ ከ0.3 የውጤት ልዩነት የበለጠ ዕድሜ ልኩን ይጠቅመዋል። ልጁን እዩት። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቤት ውስጥ ያለው አማርኛ

ጀርመንኛ አለ፣ እንግሊዝኛ የትም ቢገባ ይመጣል፣ አሁን ደግሞ አራተኛ ሊጨመር ነው። ያኔ ወላጅ የሚቀንሰው አማርኛውን ነው። እባካችሁ አትቀንሱ። ከላይ የነገርኳችሁ እናት ልጇን ያገዘችው በአማርኛ ነው፤ ልጁ አማርኛ ባይገባው ኖሮ ያ ጠረጴዛ ዝም ያለ ጠረጴዛ ነበር። አንድን ነገር በሚገባው ቋንቋ አንዴ የተረዳ ልጅ በሌላው ቋንቋ ቃሉን ብቻ ነው የሚፈልገው። አዲሱ ትምህርት ቤት የቤቱን ቋንቋ ዋጋ ካስከፈለ በጣም ውድ ነው።

ከኢትዮጵያ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ ለመጣ ልጅ ግን ምክሬ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚገባው አዲስ ለመጡ ልጆች ጀርመንኛ የሚያስተምሩበት ቪልኮመንስክላሰ ነው። እንግሊዝኛው ጥሩ ከሆነ የእንግሊዝኛው የአውሮፓ ትምህርት ቤት ወይም ማንዴላ ይሻለዋል ብሎ ማሰብ ያጓጓል፣ ቦታ ካገኘም መልካም ነው። ግን ጀርመንኛውን ወደ ጎን የሚያደርግ መንገድ አትምረጡለት። 18 ዓመት ሲሞላው አቢቱር ባይኖረው እንኳ አውስቢልዱንግ፣ ማለትም ደሞዝ እየተከፈለው ሙያ የሚማርበት መንገድ፣ የሚከፈትለት በጀርመንኛ ነው።

ምዝገባው

የክፍት በር ቀኖቹ ብዙ ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ናቸው። ሂዱ፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ። ዳይሬክተሩ የሚያቀርበውን ንግግር ከመስማት ይልቅ ኮሪደር ላይ የቆሙትን ተማሪዎች ጠይቁ፦ የቤት ሥራ በቀን ስንት ሰዓት ይወስዳል? ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ማን ያግዘዋል? ባለፈው ዓመት ከክፍልሽ ስንት ልጅ ወጣ? ልጆች አይደብቁም። መንገዱንም ጠዋት በሥራ ሰዓት ሞክሩት። የተማሪ የትራንስፖርት ትኬት ከ2019 ጀምሮ በርሊን ውስጥ ነፃ ስለሆነ ገንዘቡ አያሳስብም፤ ግን ከማርዛን ዜለንዶርፍ በየቀኑ ደርሶ መልስ የ12 ዓመት ልጅ ላይ ከባድ ነው።

የመንፈቅ ዞይግኒሱ (የውጤት ካርዱ) በጃንዋሪ መጨረሻ ሲሰጥ የመመዝገቢያው ቅጽም ከትምህርት ቤት ይመጣል። ምዝገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚጋፉበት ትምህርት ቤት ቦታውን የሚሞላው አንደኛ ምርጫቸው ባደረጉት ልጆች ነው፤ ሁለተኛ ምርጫ ላይ ሌላ የሚጋፉበት ትምህርት ቤት መጻፍ አንድ መስመር ማባከን ነው። አንደኛ ላይ የምትመኙትን ጻፉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ልጁ ቢገባበት የማይከፋችሁን፣ ቦታም ያለውን ጻፉ።

የቋንቋ ፈተና ያለባቸው ደግሞ ፈተናውን ከምዝገባው ሳምንት በፊት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ቅጹ እጃችሁ እስኪገባ ከጠበቃችሁ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ኖቬምበር ላይ ለየትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ ቀኑን በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ጀርመንኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ የሚያግዛችሁ ሰው ይዛችሁ ደውሉ፣ ልጁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጁ ቀደም ሲል በሌላ አገር ተምሮ ከሆነ የዚያን አገር የትምህርት ማስረጃ ከነትርጉሙ አዘጋጁ፤ የጣልያኑ፣ የግሪኩ ወይም የሊሴው ካርድ የቋንቋ ችሎታው መኖሩን በአንድ ገጽ ያሳይላችኋል።